ለአክስቴ ትንሽ ኮምፒውተር ልገጣጥም?

ጥያቄ፦

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። አክስቴ ሰባ ዓመት እየተጠጋቸው ነው። ላፕቶፓቸው አርጅቶ ለመከፈት እንኳ ብዙ ደቂቃ ይፈጅበታል። የሚፈልጉት ቀላል ነገር ነው፤ ዩቲዩብ ማየት፣ ርቀው ከሚኖሩት ልጆቻቸው ጋር በቪዲዮ ማውራት፣ ዜና ማንበብ፣ አልፎ አልፎ ደብዳቤ ጽፎ ማተም። ጠረጴዛቸው ጠባብ ስለሆነ ትልቅ ኬዝ አይሆንም። መገጣጠም እችላለሁ፤ የራሴንም የገጣጠምኩት እኔው ነኝ። ያሰብኩት ኮር አይ3-12100ኤፍ ፕሮሰሰር፣ ሚኒ አይቲኤክስ ማዘርቦርድ፣ 16 ጊጋባይት ራም፣ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ፣ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይና ትንሽ ኬዝ ነው። ገንዘቤ ውስን ነው። ምን ይመክሩኛል? የእህት ልጅ ነኝ።»

መልስ፦

ሰላም የእህት ልጅ፣

ከዝርዝርህ ልጀምር። እንዳለ ከገዛኸው፣ ገጥመህ ስታበራው ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ጣጣው ከፕሮሰሰሩ ስም ኋላ ያለችው ፊደል ናት። ኢንቴል «ኤፍ» ብሎ የሚሸጣቸው ፕሮሰሰሮች የሚሠራ ግራፊክስ፣ ማለትም ምስል ወደ ስክሪን የሚልከው ክፍል፣ የላቸውም። ጌም ለሚጫወትና ግራፊክስ ካርድ ለብቻው ለሚገዛ ሰው ደህና ናቸው፤ ትንሽም ይረክሳሉ። አንተ ግን ካርድ አላሰብክም። ፊደሏ የሌለችው አይ3-12100 ብትሆን ኖሮ ሞኒተሩን በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ትሰካ ነበር። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ዕቃው ቤት ከገባ በኋላ ነው። አንተ ቀድመህ ስለጠየቅህ ተገላግለሃል።

ሁለተኛው ሃርድ ዲስኩ ነው፤ ይሄንን እንዲሁ አላልፈውም። የአክስትህ ላፕቶፕ የሚንቀራፈፈው ፕሮሰሰሩ ደክሞ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዲስኩ ነው። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህንና ወዲያ ወዲህ የሚል አንባቢ ክንድ አለ። አንድን ነገር ፈልጎ ለማግኘት 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስድበታል። ኤስኤስዲ የሚባለው የዲስክ ዓይነት ግን የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ 0.1 ሚሊሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። ዊንዶውስ ሲነሳ እጅግ ብዙ ትንንሽ ፋይሎችን ያነባል፤ ልዩነቱ የሚጠራቀመው እዚያ ላይ ነው። በዚህ ዘመን ዊንዶውስን ሃርድ ዲስክ ላይ ጭኖ ለሰው መስጠት ያንን ሰው መቅጣት ነው። ለአክስትህ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ይበቃል። ብዙ ፎቶና ቪዲዮ ካላቸው ሃርድ ዲስኩ በዩኤስቢ የሚሰካ የውጭ ማስቀመጫ ይሁን። እዚያ ሥራውን በደንብ ይሠራል።

እንዲያውም ምንም ሳትገዛ በፊት ላፕቶፑን ገልብጠህ እየው። ውስጡ ሃርድ ዲስክ ካለና ራሙ 4 ጊጋባይት ከሆነ፣ ኤስኤስዲ ቀይረህ ራሙን ወደ 8 ብታሳድገው ችግሩ እዚያው ሊያልቅ ይችላል። ከዚያ ትልቅ ሞኒተር፣ ኪቦርድና ማውስ ሰክተህ ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ ነው። ይህ ከሁሉም የሚረክስ መንገድ ነው። የሚያዋጣው ግን ላፕቶፑ ራሱ ደህና ከሆነ ብቻ ነው። ባትሪው አብጦ ከሆነ፣ ማለትም የታችኛው ክዳን ወይም የማውሱ ሰሌዳ ወደ ላይ ከተነሳ፣ ቻርጀር ላይ ሰክተህ አትተወው። ያበጠ ባትሪ ሊቀጣጠል ይችላል።

ስለ ፓወር ሰፕላዩ አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ያለ ግራፊክስ ካርድ እንዲህ ያለ ማሽን በጣም ሲጨናነቅ እንኳ 100 ዋት አካባቢ ነው የሚፈልገው። 550 ዋቱ ለማያስፈልግህ ነገር መክፈል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ። እኔ ብሆን አልገጣጥምም።

መገጣጠም ደስ እንደሚል አውቃለሁ። ነገር ግን በአዲስ ዕቃ ርካሽነትና ትንሽነት አብረው አይሄዱም። ሚኒ አይቲኤክስ ማዘርቦርድ 17 በ17 ሳንቲሜትር ነው። ተመሳሳይ ቺፕሴት (የቦርዱ መቆጣጠሪያ ቺፕ) ካለው ተለቅ ያለ ቦርድ ጋር ስታነጻጽረው ብዙውን ጊዜ ትንሹ ይወደዳል። ትንንሽ ኬዝ ውስጥ የሚገባው ኤስኤፍኤክስ የሚባለው ፓወር ሰፕላይም ከተለመደው ይወደዳል። ለትንሽነቱ ሁለት ጊዜ ትከፍላለህ ማለት ነው። ያም ሆኖ የምታገኘው ኬዝ፣ መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት ሰጥቷል ብለው ከሚያስወጡት ሚኒ ፒሲ ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

የምልህ ያገለገሉትን የቢሮ ሚኒ ፒሲዎች ነው። ሌኖቮ ቲንክሴንተር ታይኒ፣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ ሚኒ ይባላሉ። ሦስቱም ወደ 18 ሳንቲሜትር ስፋትና ወደ 3.5 ሳንቲሜትር ውፍረት አላቸው፤ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ያክላሉ። ሞኒተር ጀርባ ላይ የሚታሰሩበት ማያያዣም ስላለ ጠረጴዛው ላይ ምንም ቦታ ላይዙ ይችላሉ። ለቢሮ የተሠሩ በመሆናቸው ከተራ የቤት ኮምፒውተር ይጠነክራሉ። ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ኢሜይልና ሰንጠረዥ በመክፈት ነው። የአክስትህም ሥራ ከዚያ አይከብድም።

ስትመርጥ ግን የፕሮሰሰሩን ትውልድ አስተውል። አይ5-8500ቲ የሚለውን ብንወስድ፣ የመጀመሪያው 8 ስምንተኛ ትውልድ መሆኑን ይናገራል። «ቲ» ደግሞ ኃይል ቆጣቢ፣ 35 ዋት መሆኑን ነው። አይ5-7500ቲ በመልክ ከእሱ አይለይም፤ አንዳንዴም ጎን ለጎን በተቀራራቢ ዋጋ ይሸጣሉ። ነገር ግን ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ስለዚህ ሰባተኛ ትውልድ የምትገዛው በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓት ለመጫን ከወሰንክ ብቻ ነው። ያን ጊዜም ዋጋው በደንብ ዝቅ ካላለ አትንካው። በሞዴል ስም ልትፈልግ ከፈለግህ ቲንክሴንተር ኤም720ኪው፣ ኦፕቲፕሌክስ 3060 ማይክሮና ኤሊትዴስክ 800 ጂ4 ሚኒ የስምንተኛው ትውልድ ናቸው።

ያገለገለ ዕቃ ስትገዛ ሻጩ አብርቶ ማሳየቱ ብቻ አይበቃም። መጀመሪያ ባዮስ ውስጥ ግባ፤ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ ነው። የይለፍ ቃል ከጠየቀህና ሻጩ ካላወቀው ተወው። የድሮው ባለቤት የቆለፈው ባዮስ፣ በተለይ ሌኖቮ ላይ፣ በቀላሉ አይከፈትም። ቀጥሎ ዊንዶውሱ ከአዲስ ሲጫን ማየት ከቻልክ እይ። ኢንተርኔት እንደተገናኘ የሆነ ድርጅት ስም አውጥቶ የዚያን ድርጅት ኢሜይል ከጠየቀ፣ ማሽኑ አሁንም በድርጅቱ መዝገብ ላይ አለ ማለት ነው። ፎርማት ብታደርገው እንኳ ተመልሶ ይጠይቅሃል። መዝገቡን መሰረዝ የሚችለው ድርጅቱ ነው እንጂ አንተም ሻጩም አይደላችሁም።

ከዚያ አዳፕተሩን እይ። እነዚህ ማሽኖች ፓወር ሰፕላያቸው ከውጭ ነው፤ የላፕቶፕ ቻርጀር የሚመስለው ማለት ነው። ያለ አዳፕተር የሚሸጠው የረከሰ ይመስልሃል፤ ኋላ ግን ለብቻው ስትገዛ ሒሳቡ ይዞርብሃል። አንዳንዶቹ የማያውቁት አዳፕተር ሲሰካባቸው ማስጠንቀቂያ አውጥተው ፍጥነታቸውን ስለሚቀንሱ ትክክለኛው አብሮ መኖሩን አረጋግጥ። የሞኒተር መሰኪያውንም ተመልከት። አንዳንዶቹ ዲስፕሌይፖርት ብቻ ነው ያላቸው፤ ያሰብከው ሞኒተር ደግሞ ኤችዲኤምአይ ሊሆን ይችላል። ከዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚሄድ ኬብል ርካሽ ነው። ይሁን እንጂ ተራው ኬብል በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚሠራ ከኮምፒውተር ወደ ሞኒተር የሚለውን ግዛ።

ዋይፋዩም ይጠየቅ። ቢሮ ውስጥ በኬብል ይሠሩ ስለነበር አንዳንዶቹ የዋይፋይ ካርድ ጨርሶ የላቸውም። ሰዓትና ቀን እያጠፋ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ አትደንግጥ። ሲአር2032 የምትባለው ክብ ባትሪ አልቃ ነው፤ ትቀየራለች። ካልተቀየረች ግን አክስትህ «ኢንተርኔቱ እምቢ አለኝ» ብለው ይደውሉልሃል። ቀኑ ከተሳሳተ ድረ ገጾች የደህንነት ሰርተፍኬታቸው የማይሠራ ሆኖ ስለሚታይ ብራውዘሩ አላስገባም ይላል።

ቤት ስታመጣው ክፈተው፤ አብዛኞቹ በአንድ ወይም በሁለት ብሎን ነው የሚከፈቱት። አቧራውን አጽዳ። አብሮት የመጣውን ዲስክ አውጥተህ አዲስ ኤስኤስዲ አስገባ። የሰው ዲስክ ምን ያህል እንደሠራ አታውቅም፤ ዋጋውም ለመቆጠብ የሚያበቃ አይደለም። ኤም.2 የሚባለውን ቀጭን ዓይነት ስትገዛ 2280 የሚል ቁጥር ታያለህ፤ 22 ሚሊሜትር ስፋት፣ 80 ሚሊሜትር ርዝመት ማለት ነው። መጠኑ አንድ ሆኖ ሳለ ግን ሳታና ኤንቪኤምኢ የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉ። ማሽንህ የትኛውን እንደሚቀበል ሳታይ አትግዛ። ራሙ የላፕቶፕ ራም ነው። 8 ጊጋባይት ይበቃል፤ በሁለት ባለ 4 ቢሆን ከአንድ ባለ 8 ይሻላል፣ ግራፊክሱ ራሙን ስለሚጋራ። 16 ከሆነ ደግሞ ማን ይጠላል።

ያገለገለ ዕቃ አልፈልግም ካልክ፣ ኤን100 የሚባል የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለባቸው አዳዲስ ሚኒ ፒሲዎች አሉ። ኤን100 እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ነው። ባለ አራት ኮርና 6 ዋት ሆኖ የተመደበ ሲሆን ቪዲዮ በማጫወት በኩል አይታማም። ለአክስትህ ሥራ ይበቃል። ዲስኩ ኢኤምኤምሲ የሚል ከሆነ ግን እለፈው፤ ከኤስኤስዲ ይዘገያል፣ ብዙ ጊዜም ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ አይቀየርም። ስሙን ሰምተኸው ከማታውቀው አምራች ከሆነም አብሮት የመጣውን ዊንዶውስ አትመነው፤ ከዜሮ ጫንበት።

አይ፣ መገጣጠሙ ራሱ ነው ደስ የሚለኝ ካልክም መንገድ አለ። አዝሮክ ዴስክሚኒ ኤክስ300 የሚባለው ኬዙ፣ ማዘርቦርዱና አዳፕተሩ አንድ ላይ የሚመጣ ነው። መጠኑ ከ2 ሊትር በታች ነው። የኤኤምዲን «ጂ» ያለባቸውን ፕሮሰሰሮች፣ ለምሳሌ ራይዘን 5 5600ጂን ይቀበላል። እዚህ ላይ ፊደሏ ታግዝሃለች፤ በዚህ ትውልድ «ጂ» ግራፊክስ አለው ማለት ነው። ከመግዛትህ በፊት የማቀዝቀዣውን ቁመት ለካ፤ ከ46 ሚሊሜትር በላይ ክዳኑ አይገጥምም።

ራስፕቤሪ ፓይስ ብለህ ማሰብህ አይቀርም፤ በአንዲት ትንሽ ቦርድ ላይ የተሠራው ኮምፒውተር ማለት ነው። ለመማሪያና ለሙከራ እወደዋለሁ። ለአክስትህ ግን አልመርጠውም። ቦርዱ ብቻውን ርካሽ ይመስላል። ኬዝ፣ ማቀዝቀዣ፣ ባለ 27 ዋት ቻርጀርና ማስቀመጫ ስትጨምርበት ካገለገለው ሚኒ ፒሲ ዋጋ ብዙ አይርቅም። ራስፕቤሪ ፓይ 5 የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ እንኳ የለውም።

ከሳጥኑ የተረፈህን ገንዘብ አክስትህ በሚያዩትና በሚነኩት ነገር ላይ አውለው። እሳቸው ፕሮሰሰሩን አያዩትም። 24 ኢንች፣ 1920 በ1080 የሆነ ሞኒተር ግዛና ሴቲንግ ውስጥ ስኬል የሚለውን 125 ወይም 150 በመቶ አድርገው። ጥራቱን ዝቅ በማድረግ ፊደል ለማተለቅ አትሞክር፤ ፊደሉ ይደበዝዝና ዓይን ያደክማል። የማውሱን ቀስት አተልቅ፣ የደብል ክሊኩን ፍጥነት ቀንስ። ኪቦርዱ ባለ ገመድ፣ ፊደሎቹ ጎላ ብለው የተጻፉበት ይሁን። በአማርኛ የሚጽፉ ከሆነ የአማርኛውን ኪቦርድ ቀድመህ ጫንና መቀያየሪያውን እዚያው አብራችሁ ሞክሩት።

ላፕቶፕ ለለመደ ሰው ደግሞ አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ ካሜራው፣ ማይኩና ስፒከሩ አብረው አይመጡም። ማይክ ያለው የዩኤስቢ ካሜራ ያስፈልጋል። ሞኒተሩ ስፒከር ከሌለው ትንሽ ስፒከር ጨምር። ይህን ረስተህ «አልቋል» ብለህ ብታስረክብ ልጆቻቸው የእናታቸውን ፊት አያዩም፣ እሳቸውም የልጆቻቸውን ድምፅ አይሰሙም። ኮምፒውተሩ ከተፈለገበት ጉዳይ ግማሹ ያ ነው።

ባትሪም እንደዚያው ነው። ላፕቶፕ መብራት ሲጠፋ ዝም ብሎ ይቀጥላል፤ ሚኒ ፒሲ ግን ድርግም ይላል፣ ግማሽ የተጻፈው ደብዳቤም አብሮ ይሄዳል። መብራት የሚቆራረጥበት ቤት ከሆነ ትንሽ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ፣ አስብ። ሚኒ ፒሲ ሥራ ሳይበዛበት 10 ዋት ገደማ ብቻ ስለሚበላ፣ ትንሹም ዩፒኤስ ሞኒተሩን ጨምሮ ሥራን ጨርሶ ለማጥፋት የሚበቃ ጊዜ ይሰጣል። ራውተሩንም እዚያው ሰካው።

ዊንዶውስ ወይስ ሊኑክስ? ይህን በልጆቻቸው ወስነው። የሚያወሩት በዋትስአፕ ከሆነ ዊንዶውስ 11 ይቀላል፤ ዋትስአፕ ለሊኑክስ የራሱን አፕ አላወጣም። በቴሌግራም ወይም በብራውዘር በኩል ከሆነ ሊኑክስ ሚንት ነፃ ነው፣ ሲታይም ከዊንዶውስ ብዙ አይርቅም። ስምንተኛ ትውልድ የሆነ የቢሮ ማሽን ከፋብሪካው ዊንዶውስ ይዞ የወጣ ከሆነ ቁልፉ ማዘርቦርዱ ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ተመሳሳዩን እትም ከአዲስ ብትጭን ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ይነቃል። ስለዚህ የተሰነጠቀ፣ ማለትም ያለ ፈቃድ ቁልፉ የተሰበረ፣ ዊንዶውስ ውስጥ አትግባ። ባንክ የሚከፍቱበት ኮምፒውተር ላይ ማን ምን እንደጨመረበት የማይታወቅ ፕሮግራም አይጫንም። ፕሪንተሩን ግን በየትኛውም ምርጫ ከማስረከብህ በፊት አንድ ገጽ አትምበት።

ሲያልቅ ሁለት አካውንት ፍጠር። አንዱ አስተዳዳሪ ሆኖ የይለፍ ቃሉ አንተ ጋ ይቀመጥ፤ የእሳቸው ተራ ተጠቃሚ ይሁን። ይህ እሳቸውን መናቅ አይደለም፣ ምክንያቱን ቁጭ ብለህ አስረዳቸው። በስህተት የተጫኑት ፋይል ማሽኑን ሙሉ እንዳይወርሰው ነው። ፋየርፎክስ ላይ ማስታወቂያ የሚከለክለውን ዩብሎክ ኦሪጅንን ጫን። የድረ ገጽ ማሳወቂያ የሚባለውንም ጨርሶ ዝጋው። «ኮምፒውተርዎ ቫይረስ አለበት» እያለ ጥግ ላይ ብቅ የሚለው መስኮት አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ አይደለም። አንድ ድረ ገጽ ማሳወቂያ ልላክ ብሎ ጠይቆ፣ እሺ ተብሎ ነው።

ዴስክቶፑ ላይ አምስት የማይሞሉ ምልክቶች ብቻ ተው። የተቀረውን ደብቀው። ስማቸውንም እሳቸው በሚጠሩት ስም ቀይረው፤ «ከልጆች ጋር ማውሪያ» የሚል ምልክት ከአፑ ስም ይሻላል።

አንተ ርቀህ የምትኖር ከሆነ የርቀት መቆጣጠሪያ አስፈላጊ ነው። ዊንዶውስ ላይ ኩዊክ አሲስት አለ። ሊኑክስ ከሆነ ራስትዴስክ ይሆናል። አጭበርባሪዎችም የሚጠቀሙት ይህንኑ ዓይነት ፕሮግራም ስለሆነ ግን ደንብ አውጡለት፤ ሁልጊዜ መጀመሪያ አንተ በስልክ ትደውላለህ፣ እሳቸው ድምፅህን ለይተው ነው ኮዱን የሚያስገቡት። «ከማይክሮሶፍት ነው የምደውለው» ያለ ሰው ካለ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዝጉበት። ማይክሮሶፍት ሳይጠየቅ ለማንም አይደውልም።

ያገለገለውን ለመግዛት ከወሰንክ፣ ገንዘቡን ከመስጠትህ በፊት የማሽኑን ሙሉ የሞዴል ስምና ከባዮሱ ገጽ ያነሳኸውን ፎቶ ላክልኝ፤ አይቼ እመልስልሃለሁ።